በጾም ቀን የሚሞቅ ወንዝ

ከተማችን ቂልጡ አንድ በጋ ሙሉ የራሷ ፍልውሃ ነበራት። ከአምቦ ወደ ሸነን ስትሄዱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ የሚያልፋት ከተማ ፍልውሃ ነበራት፤ ፍልውሃው ኮሚቴ ነበረው፤ ኮሚቴው ደግሞ ክብ ማህተም ነበረው። ማህተሙ እስከ ዛሬ አለ፣ አንድም ነገር አልሆነም። ጉዳት የደረሰው ወንዙ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሃዋኒ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዕድሜዬ ሁሉን ነገር አሳምሬ አይቻለሁ፤ የገባኝ ግን አንድም የለም። ትልልቆቹም እንደኔው ነበሩ፤ እነሱ ግን ስብሰባ ስለሚቀመጡ የገባቸው ይመስል ነበር።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አባቴ ኦቦ ጉታ ነበር። ሙያው ልብስ ሰፊ፣ ምኞቱ ከንቲባ። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ቀኑን ሙሉ እየረገጠ በአምቦ ሲቀና ይውላል። «አምቦ ከኛ በምን በለጠች? ፍልውሃ ሰጣት፤ በጠርሙስ የሚታሸግ ውሃ ሰጣት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨመረላት። ለኛስ? ጭቃ!» ይላል። ከራሱ ላይ የማትወርድ ቡናማ ባርኔጣ ነበረችው። መልስ ሲያጣ እሷን ያስተካክላል። ደንበኛ «ጠበበኝ እኮ» ሲለው ያስተካክላል፤ እናቴ ደስታነሽ «ይሄ ጣሪያ መቼ ነው የሚጠገነው?» ስትለው ያስተካክላል። ባርኔጣዋ ግን አንድም ቀን ተጣማ አታውቅም ነበር።

ቤታችንን ያቆመችው አዳዳ ቦጋለች ናት። በኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ የአባቴ ታላቅ ናት፣ አላገባችም፣ ከኛው ጋር ትኖራለች። አባቴ ቀሚሱን ይሰፋል፤ እሷ ጥልፉን ትጠልፋለች። ሰው ከአምቦና ከጌዶ ድረስ የሚመጣው ለአባቴ ስፌት ብሎ አልነበረም፤ ይህን ከአባቴ በስተቀር ሁሉም አፍ አውጥቶ ይናገረዋል። እሷ የጠለፈችው ቅጠል ላይ ጤዛ ያለ ይመስለኝና በጣቴ እነካው ነበር።

ዓይኗ ግን ታመመ። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየዞረ ይወጋታል፣ ያነባል፣ ይቀላል። ጤና ጣቢያ «ቀላል ቀዶ ጥገና ናት፣ አምቦ ሄደሽ አሠሪው» ቢሏት፣ «መቀስ ለጨርቅ ነው፤ ዓይኔ አጠገብ አይደርስም» ብላ ተመለሰች። እንግዲህ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ክሩን በምላሴ አሹዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሰተት! «ኤዬ የኔ ዓይን!» ትለኛለች። በዚህ ሥራዬ በትምህርቴ ከምኮራው በላይ እኮራ ነበር። ምንም ቢሆን እንድትድን እፈልግ ነበር፤ ከዳነች ደግሞ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ እፈራ ነበር።

ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2006፣ አቶ ወሰኑ የሚባል ኢንቨስተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ኮረብታውን አጠረው። ድንጋዩ ይፈለጣል፣ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ ኖራ ይሆናል፣ በመኪና ይሄዳል። ምድጃው ደግሞ እንጨት ይበላል። ምን ዓይነት እንጨት? የቅርቡን ነዋ! ወንዛችን ዳር የነበሩት፣ ከተማዋም ወንዙም ስማቸውን የወሰዱባቸው ቂልጡዎች፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ዛፎች፣ እየተጋደሙ ወደ ላይ ተጫኑ። አቶ ወሰኑ በምትኩ ችግኝ እንደሚመጣ ተናግሮ ነበር። ችግኙ መንገድ ላይ ነው፤ አስራ አንድ ዓመት ሆነው።

እኔ እንጨቱ የሚጫነው ሆቴል ሊሠራበት ይመስለኝ ነበር። አባቴ «ልማት መጣ» ሲል ሰምቻለሁ፤ አምቦ ያየሁት ልማት ደግሞ ሆቴል ነው። ኮረብታው ላይ የሚወጣውን ጭስ አይቼ ወጥ ቤቱ ተጀምሯል ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። በርበሬ በርበሬ ይሸታል ያለች ልጅም ነበረች።

በዚያው በጋ አንድ ረቡዕ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች፤ እኔም ተከተልኩ። ከወንዙ መታጠፊያ በታች ቋጥኝ ያቆረው ኩሬ አለ። ውሃው እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። እናቴ እጇን አስገብታ ቶሎ አወጣችው።

«ይሞቃል!» አለች።

ይህን ቃል እናቴ ስትናገር የሰሙ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ማታውን ውሃው በርዶ ጠርቶ ሲገኝ ኀዘን ሆነ፤ አርብ ጧት እንደገና ነጭቶና ሞቆ ሲገኝ እልልታ ሆነ። በሚቀጥለውም ሳምንት ረቡዕና አርብ። በሚቀጥለውም። በየትኛው ቀን ቢሞቅ ነው ሰው እንዲህ የሚያብደው? ውሃው ይጾማል ተባለ! አምቦ ፍልውሃዋ ቅዳሜም እሁድም ይሞቃል፤ የኛ ግን የጾም ቀን ያውቃል!

ምድጃው የሚከፈተው ረቡዕና አርብ ነበር። መኪናው ኖራውን የሚጭነው ሐሙስና ቅዳሜ ስለሆነ፣ በዋዜማው ኖራው ከምድጃው ይወጣና ለሽያጭ የማይሆነው ዱቄትና ስብርባሪ በጋሪ እየተገፋ ወደ ገደሉ ይደፋል። ገደሉ የሚወርደው ከኩሬው በላይ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ ነው። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለት ገና ውሃ ያልነካው፣ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል። ጭሱን ሁላችንም አይተናል፤ መኪናውን ሁላችንም አይተናል፤ ነጩንም ውሃ አይተናል። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ግን አልተገኘም፤ ለዚያ የሚሆን አጀንዳ አልተያዘም ነበር።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተቋቋመ። አባቴ ሊቀመንበር፣ የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ኤቢሳ ጸሐፊ። መምህር ኤቢሳ ከመሬት ስር ያለውን እሳት በሁለት እጁ እያሳየ ለሕዝቡ አስረዳ፤ በጣም አምሮበት ነበር። የሚካኤሉ ቄስ መጥተው ውሃውን አዩና «እኔ ያልባረክሁትን ጠበል ነው አትበሉብኝ» አሉ። ኮሚቴው አመስግኗቸው ኩሬው ዳር ባቆመው ሰሌዳ ላይ «ጠበል» የሚለውን አጥፍቶ «ፍልውሃ» ብሎ ጻፈ። ሁዳዴ ገብቶ ሰው በየቀኑ ሲጾም ውሃው ረቡዕና አርብ ብቻ መሞቁን ቀጠለ፤ መምህር ኤቢሳ «አቅሙን ያውቃል» አለ።

አቶ ወሰኑም ደስታችንን ሊካፈል ወረደ። ለፍልውሃው አጥር ቆርቆሮ ሰጠ፤ እሱን የመሰለ ቸር ሰው አልታየም። አባቴ የክብር እንግዳ አድርጎ አስቀመጠው፤ ሽሮም በልቶ አመሰገነ።

«ተፈጥሮ ለጋስ ናት ኦቦ ጉታ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። ሰው ከመታጠፊያው በላይ እንዳይወጣ። ምንጩ እንዳይረበሽ።»

«ትክክል! ምንጩን መጠበቅ የኛ ኃላፊነት ነው» አለ አባቴ፤ ይህም ሰሌዳው ላይ ተጨመረ። እንግዲህ በዚያ ጉባኤ ምንጩ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሽሮ እየበላ ነበር።

እኔ በፍልውሃው የተደሰትኩትን ያህል ማንም አልተደሰተም። ሸርጣኖቹ ሳይቀሩ ገብተውበታል! ድሮ ከድንጋይ ስር ስናወጣቸው ጣታችንን ይዘው የሚያስጮሁን ሸርጣኖች፣ ነጭ ሆነው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ተዝናንተው የተኙ መሰለኝ። «አትቀስቅሷቸው» እያልኩ ሌሎቹን ልጆች እከለክል ነበር። እንቁራሪቶቹም ዝም አሉ፤ ፍልውሃውን አክብረው ነው አልኩ። ትንንሾቹ ዓሦች ደግሞ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ ፀሐይ የሚሞቁ መሰለኝ። የአንድ ወንዝ ሞት ነው ፊቴ የተዘረጋው፤ እኔ ለሸርጣን እንቅልፍ እጠነቀቃለሁ።

የገቡትን ሰዎች ያሳክካቸው ነበር። ቆዳቸው ይላጥ ነበር። «አሮጌውን አውልቆ አዲስ ያለብሳል» ተባለ። የእናቴ እጅ ከልብስ አጠባ ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ ያጠበችው ነጠላ በረዶ መስሎ ይወጣና በሳምንቱ በእጅ ሲይዙት ይተረተራል። «ነጭ ለሚወድ ጥሩ ውሃ ነው» አለች አንድ ቀን፣ ለአባቴ ቀዳዳውን እያሳየች። አባቴ ባርኔጣውን አስተካከለ።

አዳዳ ግን አልገባችም። ሰው ፊት መታጠብ ታፍራለች። አባቴ አልተዋትም። «አንድ ቀን ብቻ ዓይንሽን ታጠቢ፤ ምን ይጎዳሻል? በመቀስ ከምትቆረጪ?» ይላታል በየቀኑ። በመጨረሻ መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«እሺ ጉታ። ተመርቆ ሲከፈት እገባለሁ። የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን፤ አንተን ላክብርህ» አለችው። አባቴ ግንባሯን ሳማት።

ምርቃቱ በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ረቡዕ ሆነ። ከዞን ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ዳስ ተጣለ፤ ጠረጴዛ ላይ የአዳዳ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ ተነጠፈ፤ እላዩ ላይ የታሸገ የአምቦ ውሃ ተደረደረ። ለራሳችን ፍልውሃ ምርቃት የአምቦን ውሃ ገዝተን ማቅረባችን ማንንም አላሳፈረም።

እኔ ጧት ጧት እግሬን ኩሬው ውስጥ ነክሬ ሙቀቱን የማበሥር ልጅ ነበርኩ። ያን ጧት ነከርኩና ጮህኩ። በረዶ! ውሃው ጥርት ብሎ ድንጋዩ ይታያል።

«አባዬ፣ ዛሬ አልጾመም!» አልኩት።

አባቴ መጥቶ እጁን አስገባ። አወጣ። እንደገና አስገባ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ቀና ብሎ ኮረብታውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ጭሱ የለም» አለ፣ ለራሱ ያህል።

የአቶ ወሰኑ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ምድጃው ሳይከፈት መሰንበቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ግን ያኔውኑ አወቀ። በጋውን ሙሉ በኮሚቴ ያልተደረሰበት ነገር እንግዳ ሊመጣ ሲል በአንድ ቅጽበት ተደረሰበት። አባቴ ሮጠ። አባቴን ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ራሱ የጻፈውን ሰሌዳ አልፎ፣ ከመታጠፊያው በላይ ወጣ። አቶ ወሰኑን ሊጠራ የሄደ መሰለኝ።

ሲመለስ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ነጭ ሆኗል።

«አባዬ ሱሪህ!»

«ጠመኔ ነው» አለኝ።

ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ የሚያሰምርበት ጠመኔ ሁልጊዜ ልብሱ ላይ አለ። አመንኩት። ጠመኔ ኮረብታ ላይ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ለሁለተኛ ክፍል ከባድ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከመታጠፊያው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ፤ ቅቤ ሲነጠር እንደሚንሿሿው ዓይነት። ኩሬው ነጣ። እንዲያ ነጥቶ አያውቅም፣ ወፈረ። እንፋሎት ወጣበት። ሴቶቹ እልል አሉ። «እንግዳ አክባሪ! እንዴት ያለ እንግዳ አክባሪ ውሃ ነው ዋቃዮ!» አሉ። የዞኑ መኪናም ከች አለ።

አባቴ ንግግር አደረገ። ስለ ልማት፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ አምቦ እህትማማችነት። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደስታ ነው ብዬ እኔም አጨበጨብኩ። ንግግሩ ሳያልቅ አዳዳ ቦጋለች ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ራሷ የጠለፈችውን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ዓይኗ ቀልቶ ያነባል፣ ፊቷ ግን ያበራል።

«በወንድሜ ክብር እኔ እቀድማለሁ» አለች ጮክ ብላ። ሰው አጨበጨበ። ኩሬው ጫፍ ደርሳ ዞረችና አባቴን አየችው።

አባቴ እጁን አነሳ።

ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ለእኔ ነበር የመሰለኝ። እኔም እጄን አንስቼ አወዛወዝኩለት። እጁ አየር ላይ ቆየ። አፉም ተከፈተ። የዞኑ ሰውዬ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ዞር ብሎ ፈገግ አለለትና «በርቱ ኦቦ ጉታ» አለው። የአባቴ እጅ ወደ ባርኔጣው ሄደ። አስተካከላት።

አዳዳ ጎንበስ አለች። በደንብ እንዲገባላት የዓይኗን ቆብ በአንድ እጇ ገልጣ፣ በሌላው እጇ ዘግና ዓይኗ ውስጥ ረጨችው።

የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ አለብኝ። ያኔ ግን ሕዝቡ «ለቀቀ! በሽታው ለቀቀ!» አለ፤ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ እንደሚባለው። ከበሮ ተመታ። እኔም እልል አልኩ፤ የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር እልልታዬ አላማረም። እሷ ፊቷን ይዛ ጭቃው ላይ ስትንከባለል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት እናቴ ብቻ ተንቀሳቀሰች። የተሰነጠቀ እጇን ይዛ ዘላ ጠረጴዛው ላይ ካለው የታሸገ ውሃ ያዘችና፣ አንዱን ከፍታ የአዳዳ ዓይን ላይ፣ ሌላውን ከፍታ ዓይኗ ላይ፣ ሁሉንም አፈሰሰችው። በሃፍረት ሞትኩ። የእንግዶቹ ውሃ! «እማዬ፣ እንግዶቹ ምን ይጠጣሉ?» አልኳት ቀሚሷን እየጎተትኩ።

በኋላ አምቦ ያለው ሐኪም፣ ያ ውሃ ባይኖር ሁለቱም ይጠፉ ነበር ብሏል። የግራው ጠፋ። ቀኙ ጥቂት ተረፈ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቀናባት አምቦ፣ በጠርሙሷ አንድ ዓይን መለሰችልን።

አዳዳን ወደ አምቦ የወሰዳት የአቶ ወሰኑ የቤት መኪና ነው፤ እሱ ራሱ እያለቀሰ አብሮ ሄደ፣ ሆደ ባሻ ነበር። የኮሚቴው ሪፖርት «አንዲት ታካሚ ለተሻለ ሕክምና ተሸኝተዋል» ይላል። አዳዳ ስትመለስ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከዞን የተሸለመችው መሰለኝ! እንደ ዘፋኝ አማረባት። «አዳዳ፣ እኔም ልሞክረው?» አልኳት፤ እጄን ይዛ «ቆይ፣ ዛሬ አይሆንም» አለችኝ። የመርፌውንም ሥራ አላጣሁም፤ ይባስ ብሎ በዛልኝ። በዚህም ተደስቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳዳ ወንድሟን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ሊቀመንበር» ትለዋለች። «ሊቀመንበር፣ ምሳ ቀርቧል። ሊቀመንበር፣ ክር አልቋል።» አክብሮት ነው ብዬ እኔም አንድ ጊዜ «አባዬ ሊቀመንበር» ብለው በጥፊ አለኝ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም መትቶኝ አያውቅም።

ፍልውሃው ክረምት ሲገባ ቆመ። በዓመቱ ተቃውሞ ተነሥቶ መንገድ ላይ ጎማ መቃጠል ሲጀምር አቶ ወሰኑ የኛ ጭስ ከሱ ጭስ ይበልጣል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ምድጃውን ትቶ ሄደ። ወንዙም በጋ በጋ መድረቅ ጀመረ፤ ዛፎቹ የሉ፣ አፈሩን የሚይዘው የለ፣ ክረምት ደግሞ ጭቃ ተሸክሞ የሰው ማሳ ይበላል። ሰሌዳው ግን ቆሟል። «ምንጩን እንጠብቅ» ይላል።

አስረኛ ክፍል የኬሚስትሪ አስተማሪያችን አንድ ቁራጭ ነጭ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ጣለ። ብርጭቆው ተንሿሿ፣ ነጣ፣ እንፋሎት ወጣው። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ደብተሬን ትቼ ወጣሁ። ቤት ደርሼ እናቴን ጠየቅኋት፤ ሣጥን ከፍታ አንድ አሮጌ ሱሪ አወጣች። ከጉልበቱ በታች ተበሳስቷል። ጠመኔ ሱሪ አይበላም።

«'አንድ ጋሪ ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ' ብሎ የምድጃውን ሠራተኞች ለመናቸው» አለች እናቴ። «ራሱም ገፋ። ሱሪውን ሊጥለው ሲል አስጣልኩት። ከዚያ ነገረኝ፤ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።»

«አዳዳ ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ። እኔም አልነገርኳት፤ እሱም አልነገራት። ማን አፍ አለው?»

እኔም አልነበረኝም። ለትምህርት አምቦ ገባሁ፤ መርፌውን አባቴ ተረከበኝ። ዛሬ ቤት ስመጣ የማየው ይህን ነው፦ አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ክር ያስገባል፣ አዳዳ በተረፈችው ዓይኗና በጣቷ እየዳሰሰች ትልልቅ ቅጠል ትጠልፋለች። ከጌዶ የሚመጣ የለም። «ቀጥል ሊቀመንበር» ትለዋለች፤ ይቀጥላል።

ባለፈው ዓመት ኩሬው ውስጥ አንዲት ሸርጣን አገኘሁ። ዳርና ዳሩ ላይ ቁጥቋጦ በቅሎ ውሃው በጋውን መዝለቅ ጀምሯል። ለአዳዳ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። ሸርጣኗ ጣቷን ያዘቻት፤ አዳዳ ጮኸችና ሳቀች። «እንኳን ተመለስሽ አንቺ ቀንዳም!» አለቻት። እንዲህ ስትስቅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ኢንቨስተር መጣ። ለዚያው ኮረብታ፣ ለዚያው ምድጃ። ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ድሮ ስብሰባ በቂልጡ ጥላ ስር ነበር፤ ዛሬ ድንኳን እንከራያለን። ሰው ደስ ብሎታል። ሥራ ይገኛል፣ መንገድ ይጠረጋል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ምድጃው ሲመለስ ፍልውሃውም ይመለስ ይሆናል» አሉና ተጨበጨበላቸው። ኢንቨስተሩ ጎልማሳ ነው፣ ትሁት ነው፤ ገና ሳይጠየቅ ስለ ችግኝ አንስቷል።

መድረኩን የሚመራው ሰው «የቀድሞው የፍልውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር እዚህ አሉ» አለ። «ኦቦ ጉታ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት። የድሮው ፕሮጀክት በወንዙም በሰውም ላይ ያደረሰው ጉዳት አለ? የለም በሉንና ቃለ ጉባኤው ይዘጋ።»

አባቴ ከእኔና ከአዳዳ መሀል ተቀምጦ ነበር። ተነሣ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። አፉን ከፈተ። ኢንቨስተሩ ፈገግ አለለት። አባቴ እጁን አነሳ፤ እጁ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ ባርኔጣው መሄድ ጀመረ። ሸርጣኗ ነው ትዝ ያለችኝ።

አዳዳ ቦጋለች ጥቁር መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም።

«ባርኔጣህ ያን ቀንም ደህና ነበረች፤ አሁንም ደህና ናት» አለችው። «ተናገር ጉታ።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረና «ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ።